መብት ይቀነስ ሲባል የማን መብት? አሜሪካውያን ስለ ሽብርና ስለ ነጻነት ሲጠየቁ

አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ጥቃት በደረሰ ቁጥር ከዜናው ኋላ አንድ መጠይቅ ይከተላል። ከአሜሪካውያን ይህን ያህሉ ሽብርን ለመከላከል ሲባል ከነጻነታቸው ጥቂት ለመተው ፈቃደኛ ናቸው ይላል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ሕዝቡ ፈርቷል ይባላል። ዝቅ ካለ ደግሞ ሕዝቡ መብቱን አስቀደመ ይባላል። እኔ በዚህ አነባበብ አልስማማም። ከ2001 ወዲህ የወጡትን መጠይቆች ጎን ለጎን አድርጎ ላየ ሰው ፍርሃት ብቻውን ብዙ አያስረዳም። ሰው መልስ ሲሰጥ ሁለት ነገር በልቡ ይዞ ነው፤ የሚነካው የማን መብት እንደሆነና ሥልጣኑን የያዘው ማን እንደሆነ። እነዚህ ሁለቱ ሲቀየሩ መልሱ ይገለበጣል፣ ስጋቱ ያው ሆኖ እያለ።

(ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

ከ2001 መጀመር ግድ ነው። ጥቃቱ የደረሰው ሴፕቴምበር 11 ቀን ነው፤ በኛ አቆጣጠር የ1994 እንቁጣጣሽ ዕለት። ሦስት ሺህ ገደማ ሰው ሞተ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ የሚያካሂደው ድርጅት ጋሉፕ ለፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የመዘገበው ድጋፍ 51 በመቶ ነበር። ወሩ ሳያልቅ 90 ገባ። ጋሉፕ ለማንም ፕሬዚዳንት ከዚያ በላይ መዝግቦ አያውቅም። ፒው የተባለው የምርምር ማዕከል በዚያው ሰሞን ሽብርን ለመግታት ተራው ሰው ከነጻነቱ ጥቂት መተው ያስፈልገዋል ወይ ብሎ ሲጠይቅ 55 በመቶው ያስፈልገዋል አለ፣ 35 በመቶው አያስፈልግም አለ። በኦክቶበር ደግሞ 59 በመቶው እኔ ወይም ከቤተሰቤ አንዱ የሽብር ሰለባ እንሆናለን ብሎ እንደሚሰጋ ለጋሉፕ ተናገረ።

ይህ የሚጠበቅ ነው። ሰው ደንግጧል። ግን ያኔ ጋሉፕ የጠየቀው ሌላ ጥያቄ አለ፣ ብዙም ሲጠቀስ አይሰማም። አረቦች፣ የአሜሪካ ዜግነት ያላቸውም ጭምር፣ አውሮፕላን ከመሳፈራቸው በፊት ለብቻቸው ጠበቅ ያለ ፍተሻ ይደረግባቸው ወይ? 58 በመቶው ይደረግባቸው አለ። የተለየ መታወቂያስ ይያዙ ወይ? 49 በመቶው ይያዙ አለ። እዚህ ላይ አብዛኛው መላሽ ከራሱ የሚተወው ነገር የለም። የሚሰጠው የጎረቤቱን ነው። ሁለቱን ዓይነት ጥያቄዎች አንድ ላይ ቀላቅሎ «አሜሪካውያን ለደህንነት ሲሉ ነጻነታቸውን ሰጡ» ማለት ልክ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ምክር ቤቱም በዚያ ስሜት ውስጥ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ኃይል እንዲጠቀሙ የሚፈቅደው ውሳኔ ጥቃቱ በደረሰ በሦስተኛው ቀን በተወካዮች ምክር ቤት 420 ለ 1 አለፈ። ብቸኛዋ ተቃዋሚ የካሊፎርኒያዋ ባርባራ ሊ ነበሩ። ፓትሪየት አክት ኦክቶበር 26 ተፈረመ። በተወካዮች ምክር ቤት 357 ለ 66፣ በሴኔቱ 98 ለ 1። በሴኔቱ እምቢ ያሉት የዊስኮንሰኑ ረስ ፋይንጎልድ ብቻ ናቸው። የመንግሥትን የመሰለልና የመፈተሽ ሥልጣን በብዙ አቅጣጫ ያሰፋ ሕግ ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላ አለቀ።

የሕዝቡ ስሜት ግን ባለበት አልቆየም። ፒው በ2011 ያንኑ ጥያቄ ሲደግመው መልሱ ተገልብጦ ነበር። መተው ያስፈልጋል ያለው 40 በመቶ፣ አያስፈልግም ያለው 54። አስር ዓመት ፍርሃቱን አብርዶታል። ሕጉ ግን አልበረደም። ፓትሪየት አክት ሲጸድቅ 16 ያህሉ አንቀጾች በ2005 መጨረሻ እንዲያበቁ ቀን ተቆርጦላቸው ነበር፣ አስቸኳይ ጊዜ ነው ተብሎ። በ2006 ከነዚያ 14ቱ ቋሚ ሆኑ። የቀሩት ቀናቸው በደረሰ ቁጥር እየተራዘሙ እስከ 2020 ቀጠሉ። ስለዚህ መጠይቅ ስናነብ ይህን ልብ ማለት አለብን፤ የሕዝብ አስተያየት በወራት ውስጥ ይወጣል ይወርዳል፣ ከፍ ባለበት ሰዓት የተጻፈው ሕግ ግን አብሮት አይወርድም። በኔ እይታ የዚህ ሁሉ ታሪክ ትልቁ ችግር እሱ ነው።

ፕሬዚዳንቱ ሲቀየር

በጁን 2013 ለአሜሪካው የብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ (ኤንኤስኤ) በኮንትራት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን ያወጣቸው የስለላ ሰነዶች መታተም ጀመሩ። የመጀመሪያው ቬራይዘን የተባለው የስልክ ኩባንያ የደንበኞቹን የጥሪ መዝገብ በየዕለቱ ለኤንኤስኤ እንዲያስረክብ የሚያዝ የሚስጥር ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ነበር። ማን ለማን ደወለ፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ። የተጠረጠረ ሰው መዝገብ ብቻ አይደለም፣ የሁሉም ነው። መንግሥት ለዚህ የተጠቀመበት የፓትሪየት አክትን አንቀጽ 215 ነው፤ ሕጉ ሲጸድቅ ይህን ያህል ይለጠጣል ብሎ ያሰበ የምክር ቤት አባል ማግኘት ይከብዳል። ከሦስት ወር በፊት፣ በማርች፣ የብሔራዊ ስለላ ዳይሬክተሩ ጄምስ ክላፐር በሚሊዮን በሚቆጠሩ አሜሪካውያን ላይ መረጃ ትሰበስባላችሁ ወይ ተብለው በሴኔት ሲጠየቁ አንሰበስብም ብለው መልሰዋል።

ዜናው በወጣ በቀናት ውስጥ ፒውና ዋሽንግተን ፖስት ሕዝቡን ጠየቁ። 56 በመቶው የስልክ መዝገብ መከታተሉ ተቀባይነት አለው አለ። 41 በመቶው የለውም አለ። ብዙ ሰው ደነገጠ፣ «እንዴት?» አለ። እኔን ግን የያዘኝ በፓርቲ ሲከፈል የሚታየው ነው። በጃንዋሪ 2006፣ ቡሽ ፕሬዚዳንት ሆነው ሳለ፣ ኤንኤስኤ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ስልክ መስማቱ ተቀባይነት አለው ያሉት ዴሞክራቶች 37 በመቶ ነበሩ። በ2013፣ ኦባማ ሲሆኑ፣ 64 በመቶ ደረሱ። ሪፐብሊካኖቹ ደግሞ ከ75 ወደ 52 ወረዱ። የሁለቱ ዓመት ጥያቄዎች ቃል በቃል አንድ እንዳልነበሩ መናገር ያስፈልጋል። በ2006 የተጠየቀው ተጠርጣሪዎች ከውጭ አገር ጋር የሚያደርጉትን ንግግር ስለ መስማት ነው፣ በ2013 የተጠየቀው ስለ ጥሪ መዝገብ ነው። ቢሆንም አንዱ ፓርቲ ሲወጣ ሌላው የወረደበትን ምክንያት የጥያቄው ልዩነት አያስረዳውም። የሚያስረዳው ኋይት ሐውስ ውስጥ ያለው ሰው ነው።

ይህን ስል አሜሪካውያን አቋም የላቸውም ማለቴ አይደለም። በሁለቱም ወገን በቡሽም በኦባማም ጊዜ አንድ ቃል ይዘው የቆዩ ሰዎች አሉ። ሴናተር ሮን ዋይደን ከነሱ አንዱ ናቸው፤ ክላፐርን የጠየቁት እሳቸው ነበሩ። አብዛኛው ሰው ግን የስለላ ሥልጣንን የሚመዝነው በባለሥልጣኑ ማንነት ነው። «የኛ ሰው ነው፣ አይበድለንም» ብሎ ያምናል። ከአራት ወይም ከስምንት ዓመት በኋላ ግን ያው ሥልጣን ከነሙሉ መሣሪያው ለሌላው ይተላለፋል። በ2019 መጨረሻ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር ኤፍቢአይ የትራምፕ ዘመቻ አማካሪ የነበሩትን ካርተር ፔጅን ለመከታተል ለሚስጥር ፍርድ ቤቱ ባቀረባቸው ማመልከቻዎች ውስጥ 17 ከባድ ስህተቶችና ግድፈቶች አገኘ። ያኔ ብዙ ሪፐብሊካኖች ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት የሚደግፉትን ሥርዓት አምርረው መክሰስ ጀመሩ። ቅሬታቸው እውነት ነበር። ያው ሥርዓት ሌላው ላይ ሲሠራ ግን አልታያቸውም ነበር።

ጥያቄው ራሱ ይመልሳል

መጠይቅ ሲነበብ መጀመሪያ መታየት ያለበት የጥያቄው አጻጻፍ ነው። ኒውዮርክ ታይምስና ሲቢኤስ በጃንዋሪ 2006 አንድን ጥያቄ ለሁለት ከፍለው ጠየቁ። ፕሬዚዳንቱ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ስልክ ማስጠለፋቸውን ትደግፋለህ ወይ የተባሉት ላይ ድጋፉ 46 በመቶ ሆነ። «የሽብርን ስጋት ለመቀነስ» የሚል ሐረግ የተጨመረላቸው ላይ ግን 53። በዚያው መጠይቅ መንግሥት የሚጠረጥራቸውን አሜሪካውያን ስልክና ኢሜይል ይከታተል ወይ ሲባል 68 በመቶው ይሁን አለ። «ተራ አሜሪካውያንን» ሲባል 70 በመቶው እምቢ አለ።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ደጋግሜ አያቸዋለሁ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሕግ ልዩነት አይደለም። ያለ ማዘዣ ሲሆን ማን ተጠርጣሪ፣ ማን ተራ ሰው እንደሆነ የሚወስነው ጠላፊው ራሱ ነው። መላሹ ግን ጥያቄውን ሲሰማ ራሱን ከተራዎቹ ጋር ይቆጥራል፣ ተጠርጣሪውን ደግሞ ሌላ መልክና ሌላ ስም ያለው ሰው አድርጎ ይስለዋል።

ፒው በጁላይ 2013 ተመሳሳይ ሙከራ አድርጓል። የመንግሥት መረጃ አሰባሰብን ለተለያዩ ሰዎች በተለያየ መንገድ ገለጸላቸው። የፍርድ ቤት ፈቃድ አለው ሲባል ድጋፉ 37 በመቶ ነው፣ ሳይባል 25። ለጸረ ሽብር ሥራ ነው ሲባል 35፣ ሳይባል 26። እንግዲህ ከጥቂት ሳምንት በፊት 56 በመቶ የተባለው ሕዝብ ይህ ነው። የትኛው ነው እውነተኛው ቁጥር ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሰው «ፍርድ ቤት» ሲባል የሚጠብቀው አለ፤ ግራ ቀኙን የሚሰማ ዳኛ። የስለላ ጉዳዮችን የሚያየው ፍርድ ቤት ግን በዝግ የሚቀመጥ ነው፣ በአብዛኛው የሚሰማውም የመንግሥትን ወገን ብቻ ነው። ይህን የሚያብራራ መጠይቅ እምብዛም የለም።

የማን መብት

በዲሴምበር 2015 ካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ ውስጥ ባልና ሚስት 14 ሰው ገደሉ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ከስኖውደን በኋላ፣ ፒው ሲጠይቅ 47 በመቶው የጸረ ሽብር ፖሊሲው መብትን በመገደብ ከልክ አልፏል የሚለው ይበልጥ እንደሚያሳስበው ተናግሮ ነበር፣ 35 በመቶው ደግሞ ፖሊሲው አገሪቱን በበቂ አይጠብቅም የሚለው። ፒው ይህን ጥያቄ በ2004 ከጀመረ ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ሲበልጡ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከፓሪስና ከሳን በርናርዲኖ ጥቃቶች በኋላ ግን ነገሩ ተመልሶ ተገለበጠ። 56 በመቶው በበቂ አይጠብቅም፣ 28 በመቶው ከልክ አልፏል። በፌብሩዋሪ 2016 አፕል የገዳዩን አይፎን ለኤፍቢአይ ይክፈት ወይ ሲባልም 51 በመቶው ይክፈት አለ፣ 38 በመቶው አይክፈት አለ። ኤፍቢአይ በኋላ ስልኩን በሌላ ወገን እርዳታ ከፈተና ክሱን ተወው።

በዚያው ዲሴምበር አሶሺየትድ ፕሬስ ከኖርክ የምርምር ማዕከል ጋር ሆኖ አሜሪካ የሃይማኖት ነጻነትን መጠበቋ ምን ያህል አስፈላጊ ነው ብሎ ጠየቀ። ብልሃቱ ሃይማኖቱን እየለዋወጠ መጠየቁ ነው። ለክርስቲያኖች ሲባል 82 በመቶው በጣም አስፈላጊ ነው አለ። ለሙስሊሞች ሲባል 61። አንድ ሕገ መንግሥት፣ አንድ ማሻሻያ አንቀጽ፣ በመካከሉ 21 ነጥብ ልዩነት። በ2004 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጥናትም 44 በመቶው በሙስሊም አሜሪካውያን መብት ላይ ቢያንስ አንድ ዓይነት ገደብ ቢጣል እንደሚስማማ አሳይቶ ነበር።

ከቁጥሩ በስተጀርባ ሰው አለ። ከ2002 መጨረሻ ጀምሮ ከ25 አገሮች የመጡ፣ ዜግነትም ቋሚ መኖሪያ ፈቃድም የሌላቸው ወንዶች፣ ከ16 ዓመት በላይ የሆኑት፣ በኢሚግሬሽን ቢሮ ቀርበው እንዲመዘገቡ፣ አሻራ እንዲሰጡና እንዲጠየቁ ታዘዘ። ከሰሜን ኮሪያ በቀር ዝርዝሩ ሙስሊሞች የሚበዙባቸው ተብለው የተያዙ አገሮች ነበሩ። ኢትዮጵያ አልነበረችበትም፤ ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳን ግን ነበሩ። ከ80,000 በላይ ሰው ተመዘገበ። ከ13,000 በላይ የሚሆኑት ወደ አገር የማስወጣት ሂደት ተጀመረባቸው። በዚህ ምዝገባ ተይዞ በሽብር ወንጀል የተፈረደበት የለም። ደንቡ በይፋ የተሰረዘው በ2016 መጨረሻ ነው። አሥራ አራት ዓመት ያህል ማለት ነው።

ኒውዮርክ ውስጥም ፖሊስ በመስጊዶች፣ በካፌዎችና በተማሪ ማኅበራት ውስጥ ሰላይ እያስገባ መዝገብ ይይዝ ነበር። አሶሺየትድ ፕሬስ በ2011 አጋለጠው። አንድ ከፍተኛ የፖሊስ ኃላፊ በቀጣዩ ዓመት በመሐላ ቃላቸውን ሲሰጡ ሙስሊም ሰፈሮችን የሚከታተለው ክፍል በስድስት ዓመት ውስጥ ለአንድም የሽብር ምርመራ መነሻ የሚሆን ፍንጭ እንዳላስገኘ ተናገሩ። ክፍሉ በ2014 ተዘጋ። ወጥ ቤቱ ውስጥ የሚሠራ፣ ሻይ ሊጠጣ የገባ፣ ሰላት ሊያደርስ የሄደ ሰው ስሙ በፖሊስ ማኅደር ገብቶ ኖሯል። ይህ ለኔ ቀላል ነገር አይደለም።

የድሮው ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በፌብሩዋሪ 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፈረሙት ትዕዛዝ 120,000 ገደማ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከምዕራቡ ጠረፍ ተነስተው በካምፕ ታጎሩ። ሁለት ሦስተኛው የአሜሪካ ዜጋ ነበር። በማርች የተደረገ መጠይቅ 93 በመቶው ዜግነት የሌላቸውን ጃፓናውያን ማንሳቱን እንደደገፈ መዝግቧል። አሜሪካ የተወለዱትን ዜጎች ማንሳቱንም 59 በመቶው ደግፏል። የጀርመንና የጣሊያን ዝርያ ያለው ሕዝብ እንዲህ በጅምላ አልታጎረም፣ አገሪቱ ከሁለቱም ጋር ጦርነት ላይ ሆና ሳለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1944 የፍሬድ ኮሬማትሱን አቤቱታ 6 ለ 3 ውድቅ አደረገው። በ1988 ምክር ቤቱ ይቅርታ ጠየቀ፣ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ካሳ ተወሰነ። ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ የ1944ቱ ፍርድ በተሰጠበት ቀን ጭምር ፍጹም ስህተት እንደነበር የጻፉት በ2018 ነው። የጻፉትም የትራምፕን የጉዞ እገዳ፣ ሶማሊያ ያለችበትን፣ ባጸደቀው ውሳኔ ውስጥ ነው።

ጥቁር አሜሪካውያን በዚህ ነገር የራሳቸው ልምድ አላቸው። ዳረን ዴቪስና ብራያን ሲልቨር የተባሉ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን ከ2001ዱ ጥቃት በኋላ ባደረጉት ጥናት ጥቁሮች መብትን በደህንነት ለመለወጥ ከነጮች ያነሰ ፈቃደኝነት እንዳላቸው አገኙ። ምክንያቱ ሽብርን ስለማይፈሩ አይደለም። መንግሥት ሲሰልል ማንን እንደሚሰልል ስለሚያውቁ ነው። ኤፍቢአይ የማርቲን ሉተር ኪንግን ስልክ ሲጠልፍ በ1963 የፈቀዱት የፍትሕ ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ ናቸው፤ ምክንያቱም ብሔራዊ ደህንነት ተብሎ ነበር። ከአሜሪካ ሕዝብ ውስጥ ጥያቄውን በትክክል የሰማው ይህ ወገን ይመስለኛል።

በመጠይቅ ውስጥ ጭራሽ የማይጠየቁም አሉ። ከጁን 2025 ጀምሮ የተማሪና የልውውጥ ቪዛ አመልካቾች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ታዘዋል፣ ኤምባሲው ይመረምረዋል። አዲስ አበባ ያለች የስኮላርሺፕ አመልካች ፌስቡኳ ላይ የጻፈችው ሁሉ የደህንነት ምርመራ አካል ነው። እሷን ማንም ትስማሚያለሽ ወይ ብሎ አልጠየቃትም።

ይሠራል ወይ?

ብዙ ሰው ስለላውን የሚደግፈው ይሠራል ብሎ ስለሚያምን ነው። ይህ እምነት ክብር ይገባዋል፤ ሰው ልጆቹ እንዲኖሩለት መፈለጉ ጥፋት የለውም። ግን ሲፈተሽ ምን ተገኘ? ስለላውን ከመብት አንጻር እንዲያይ የተቋቋመው የመንግሥት ቦርድ በጃንዋሪ 2014 ባወጣው ሪፖርት የስልክ መዝገቡ አሰባሰብ በአንድም የጸረ ሽብር ምርመራ ውጤት ላይ ተጨባጭ ለውጥ ያመጣበት ጊዜ እንዳላገኘ ጻፈ። መንግሥት ደጋግሞ የሚጠቅሰው አንድ ጉዳይ ብቻ ነበር። ሳንዲያጎ ያለ ሶማሊያዊ የታክሲ ሹፌርና ጓደኞቹ ወደ 8,500 ዶላር ለአልሸባብ ልከዋል የተባለበት። በ2020 የይግባኝ ፍርድ ቤት በዚሁ ጉዳይ ላይ አሰባሰቡ ራሱ ሕግ የጣሰ ነበር አለ። ፍርዱ ግን በሰዎቹ ላይ ጸና። የሚሊዮኖች ስልክ ለዓመታት ተመዝግቦ የሚቀርበው ምሳሌ ይህ ከሆነ ሕዝቡ ሲጠየቅ ይህም ሊነገረው ይገባ ነበር። ምክር ቤቱ በጁን 2015 ባወጣው ሕግ የጅምላውን አሰባሰብ አስቆመ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ከሌላ በኩል ይመጣል። ሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያ አሜሪካዊ በኢሜይል በደረሰው ፋይል በኩል ኮምፒውተሩ ውስጥ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ገብቶበት የስካይፕ ንግግሮቹ ሳይቀሩ ይቀዱ እንደነበር ገልጾ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ለደህንነቱ ሲል እውነተኛ ስሙን አልተጠቀመም። በ2017 የዋሽንግተኑ የይግባኝ ፍርድ ቤት የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አለው፣ ድርጊቱም ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ አልተፈጸመም ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገው። አገር ቤት በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ የነበረው የጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 ነው፣ ጋዜጠኞች የታሰሩበት፣ በ2020 በአዋጅ ቁጥር 1176 የተተካው። ባለሥልጣናቱ ሲወቀሱ ከምዕራባውያን ሕግ የተቀዳ ነው ይሉ ነበር። ዋሽንግተን በፍርሃት የሚወጣ ሕግ አዲስ አበባ ላይ ሰበብ ይሆናል።

አንቀጽ 702

አሁን ዋናው ክርክር ያለው እዚህ ነው። በ2008 የውጭ ስለላን በሚመራው ሕግ ውስጥ የገባው ይህ አንቀጽ መንግሥት ከአሜሪካ ውጭ ያሉ የውጭ ዜጎችን ንግግርና መልእክት በአሜሪካ ኩባንያዎች በኩል፣ ለእያንዳንዱ ሰው ማዘዣ ሳያወጣ፣ እንዲሰበስብ ይፈቅዳል። ዒላማው ውጭ ያለው ሰው ነው። ከሱ ጋር የሚያወራው አሜሪካ ያለ ሰው ግን አብሮ ይገባል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ አዲስ አበባ፣ ጅዳ ወይም ካርቱም ካለ ወንድሙ ጋር የሚያወራ ሰው፣ ወንድሙ በሆነ ምክንያት ዒላማ ከሆነ፣ ድምፁም ጽሑፉም መዝገቡ ውስጥ ይቀመጣል። ኤፍቢአይ ቆይቶ በዚያ አሜሪካዊ ስም ያለ ማዘዣ መዝገቡን መፈለግ ይችላል። ውጭ አገር ቤተሰብ የሌለው ሰው ይህ ብዙም አይነካውም። እኛን ግን ከማንም በላይ ይነካናል።

በሜይ 2023 ይፋ የሆነ የሚስጥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ኤፍቢአይ ይህን ፍለጋ ከ278,000 ጊዜ በላይ ያለ አግባብ እንደተጠቀመበት አሳየ። ከተፈለጉት ውስጥ ከጆርጅ ፍሎይድ ግድያ በኋላ በነበረው ሰልፍ የተያዙ 133 ሰዎች፣ በጃንዋሪ 6ቱ የካፒቶል ወረራ የተጠረጠሩ ሰዎች፣ ለአንድ የምክር ቤት ዕጩ ገንዘብ የሰጡ 19,000 ሰዎች ነበሩበት። ግራውም ቀኙም አንድ መዝገብ ውስጥ ተገናኘ።

የሕዝቡም አስተያየት በዚህ መሀል ተቀይሯል። አሶሺየትድ ፕሬስና ኖርክ በኦገስት 2021 ሲጠይቁ ከአሜሪካ ውጭ ባሉ ሰዎች መካከል የሚላኩ ኢሜይሎችን መንግሥት ያለ ማዘዣ ማንበቡን 46 በመቶው ተቃወመ፣ 27 በመቶው ደገፈ። በ2011 ደጋፊው 47፣ ተቃዋሚው 30 ነበር። ለሽብር ሲባል አንዳንዴ መብት መተው ያስፈልጋል የሚለውም ከ64 ወደ 54 ወርዷል። በዚያው መጠይቅ 65 በመቶው አገር ውስጥ ያሉ ጽንፈኞች በጣም እንደሚያሳስቡት ተናገረ፣ ከውጭዎቹ ይበልጥ። አደገኛ የሚባለው ሰው ጎረቤት መምሰል ሲጀምር ተጠርጣሪ የሚባለውም ራስ ሊሆን እንደሚችል ለሰው ይታየዋል።

በኤፕሪል 2024 አንቀጹ ሊራዘም ሲል በአሜሪካውያን ስም ለመፈለግ የዳኛ ማዘዣ ያስፈልግ የሚል ማሻሻያ በተወካዮች ምክር ቤት ቀረበ። ከሁለቱም ፓርቲ በግራና በቀኝ ጫፍ ያሉት አብረው ደገፉት። ድምፁ 212 ለ 212 ወጣ። እኩል ከሆነ ይወድቃል፣ ወደቀ። ሕጉ 273 ለ 147 አልፎ ለሁለት ዓመት ተራዘመ። በጃንዋሪ 2025 ይፋ በሆነ ውሳኔ ደግሞ ብሩክሊን ያሉ አንዲት የፌዴራል ዳኛ በአንድ ጉዳይ ላይ ለእንዲህ ዓይነቱ ፍለጋ ማዘዣ ያስፈልግ ነበር ብለው ወስነዋል። ክርክሩ አላለቀም። ዜግነት አግኝታችሁ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስ ወይም ሚኒሶታ የምትመርጡ ሁሉ የራሳችሁ ተወካይ በዚያ ቀን በየትኛው 212 ውስጥ እንደነበሩ ማየት ትችላላችሁ። የድምፅ አሰጣጡ ዝርዝር በተወካዮች ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ በየስማቸው ተለጥፏል፣ የቢሯቸው ስልክም አይጠፋም።